ከማሳመር በፊት ማቃናት

(ስላገለገለ ቤዝ ጊታር አስተካከልና የድምፅ አወጣጥ፤ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው የሙዚቃ ሰው ሐሳብ ወደ ጥር ያመራል። እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ዳስ ይጣላል፤ ዳስ ሲጣል ደግሞ ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ ይፈለጋሉ። በከተሞቹም ከእነዚህ ጎን ባለ አራት ክሩ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ከቆየ ጀምሮ የራሱን ቦታ ይዟል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል፣ የፍኖተ ሰላም ከተማ ጥቂት ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው በነሐሴ ወር ከአዲስ አበባ ያገለገለ ቤዝ ጊታር አስመጡ እንበል። መሣሪያው ሲደርስ ክሮቹ ከአንገቱ ርቀው ተገኙ፤ ለመጫን ጣት ያደክማሉ። ከወጣቶቹ አንዱ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ አገኘና እስኪበቃው አጠበቀው። ክሮቹ ወረዱ፤ ሁሉም ተደሰተ። ጥር ሲደርስ ግን ከአንገቱ ራስ አጠገብ በሚጫኑት ድምፆች ሁሉ ክሮቹ እንደ ታሰረ ንብ ይነዝሩ ጀመር። ድምፁን ለማሳመር የአምፕሊፋየሩን ማስተካከያ በየአቅጣጫው ቢያዞሩትም ንዝረቱ አብሮ ጎላ እንጂ አልጠፋም። በመጨረሻም «መሣሪያው ሞቷል» ተባለና በግማሽ ዋጋ ለአንድ የቡሬ ሙዚቀኛ ተሸጠ። የቡሬው ሰው ዘንጉን በጥቂት በጥቂቱ አላልቶ አሳደረው፤ በማግስቱም መሣሪያው ተናገረ።

ታሪኩ ለማስረዳት የተሠራ ምሳሌ ነው፤ በውስጡ ያለው ምክንያትና ውጤት ግን የእንጨትና የብረት ሕግ ነው። የዚህም ንግግር ፍሬ ነገር ከዚያው ይወጣል፤ ይኸውም ያገለገለ ቤዝ ጊታር ሊፈረድበት የሚገባው በሚጫወትበት አገር አየር በሥርዓት ከተቃና በኋላ እንደ ሆነ፣ ድምፅ ማሳመርም የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ እንዳልሆነ ማስረዳት ነው።

መሣሪያው ከየት መጣ

ቤዝ ጊታር በዕድሜው ገና ወጣት ነው። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 «ፕሪሲዥን» የተባለውን ቤዝ ለገበያ ከማቅረቡ በፊት የዝቅተኛው ድምፅ ዋነኛ ባለቤት ከሰው ቁመት የሚበልጠው ኮንትራባስ ነበር። ፌንደር ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አመጣ፤ እነርሱም እንደ ጊታር የሚታዘል አካል፣ ፍሬት የሚባሉት የጣትን ቦታ የሚወስኑ የብረት መለያዎች፣ የክርንም ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ ናቸው። «ፕሪሲዥን» ማለት ትክክለኛነት ሲሆን ስሙ የተሰጠው በፍሬቶቹ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሁለት ፒክአፕ ያለው «ጃዝ ቤዝ» ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩት እጅግ ብዙ ቤዞች ከነዚህ ከሁለቱ በአንዱ አምሳል የተቀረጹ ስለ ሆኑ፣ የአንዱን አሠራር የተረዳ ሰው በሌላው አይደናገርም።

በኢትዮጵያም ይህ መሣሪያ የዘመናዊው ሙዚቃ ምሰሶ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ባሰማው «ኧረ መላ መላ»፣ በ1977ም ዋልያስ ባንድ ባወጣው «ጨበለው» ቤዙ ከበስተ ኋላ ተደብቆ የሚቆጥር አጃቢ ሳይሆን የዜማው ተሸካሚ ሆኖ ይሰማል። ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስና ኋላም በሮሃ ባንድ፣ መላከ ገብሬም በዋልያስ ባንድ የዚህ ጨዋታ ታላላቅ ባለሙያዎች ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ደግሞ የባህል መሣሪያንና የኤሌክትሪክ መሣሪያን በአንድ መድረክ ላይ አቀናጁ፤ ስለዚህም ከዋና ከተማው ርቆ የሚኖረው ወጣት ቤዝን በዓይኑ አየ፤ በጆሮውም ለመደ።

እንጨትና አየር

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበረታል፤ በበጋው ወራት ግን አየሩ ይደርቃል። እንጨት ደግሞ ተቆርጦና ተጠርቦም ቢሆን ከአየር እርጥበት መጠጣቱንና መልሶ ማውጣቱን አይተውም። ይህን የማሲንቆና የከበሮ ባለሙያ ከማንም በፊት ያውቀዋል። ቆዳው በክረምት ሲላላ ፀሐይ ያሳየዋል፤ ወይም ከእሳት ራቅ አድርጎ ያሞቀዋል።

ለቤዝ ጊታር ግን ይህ መድኃኒት መርዝ ነው። እሳት አጠገብ የተቀመጠ ቤዝ ማጣበቂያው ይላላል፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ አንገቱም ሊጣመም ይችላል። የቤዝ መድኃኒት በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው፣ ትረስ ሮድ የሚባለው የብረት ዘንግ ነው። አራቱ ክሮች በልካቸው ሲወጠሩ አንገቱን በድምሩ 80 ኪሎ ግራም ገደማ በሚሆን ኃይል ይስቡታል፤ ከአንድ ኩንታል እህል ክብደት ብዙም አያንስም ማለት ነው። ዘንጉ ይህን ስበት ከተቃራኒው አቅጣጫ ይቋቋማል። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ አንገቱ ወደ ክሮቹ ስበት ያዘነብላል፤ መካከሉ ይጎደጉድና ክሮቹ ይርቃሉ። በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይቃናል፤ ዘንጉ አስቀድሞ ከልክ በላይ ጠብቆ ከሆነ ወደ ኋላ ይለመጣል፤ የመጀመሪያዎቹም ፍሬቶች ክሩን ይነኩታል። የፍኖተ ሰላሙ መሣሪያ በነሐሴ የተሠራበት ሥራ በጥር የከዳው በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር ቤዝ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዝናቡ ሲገባና አየሩ ሲደርቅ፣ ሊታይ ይገባዋል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ገዢ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አናጢ ጣውላ ሲመርጥ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ከዳር እስከ ዳር ይመልከት። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የለመጠ አንገት በዘንጉ ሊቃና ይችላል፤ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አንገት ግን በዘንጉ አይቃናም። ከዚያ የአንገቱ ራስ ስንጥቅ እንደሌለበት፣ ፍሬቶቹ በክር ተበልተው እንዳልጎደጎዱ፣ ዘንጉም በሁለቱም አቅጣጫ የሚታዘዝ መሆኑን ያረጋግጥ። አራቱንም ክር በየፍሬቱ እየተጫነ ያሰማ። የሚንኮሻኮሽ ማስተካከያና የላላ ሽቦ በትንሽ ወጪ ይጠገናሉ፤ የማይዞር ዘንግ ግን የዋጋ ክርክር ማቆሚያ ነው።

ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ክር መለወጥ ነው። በጣት ላብና በዝገት ያረጀ ክር ክብደቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ስላልሆነ ኋላ የሚደረገውን ልኬት ሁሉ ያሳስታል። አዲስ ክር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ አሮጌውን በውኃ ቀቅሎ ማድረቅ ቆሻሻውን አውጥቶ ለጥቂት ቀናት ብሩህ ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን መዘግያ እንጂ መፍትሔ አይደለም። የተለወጠው ክር በልኩ ከተቃኘ በኋላ መሣሪያው በሚጫወትበት ክፍል አንድ ሌሊት ይደር።

ሁለተኛው አንገቱን ማቃናት ነው። ወፍራሙ ክር በአንደኛውና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ሲጫን ራሱ እንደ ማስመሪያ ያገለግላል። በሰባተኛው ፍሬት አጠገብ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወፍራም ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ቢታይ መልካም ነው። ክፍተቱ ከበዛ ዘንጉ ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ ከጠፋ ወደ ግራ ይላላል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር አይገባም፤ ቁልፉም ከዘንጉ ራስ ጋር በትክክል የሚገጥም መሆን አለበት። እንጨት ትእዛዝን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላ ክሩን እንደገና መቃኘትና መታገሥ ያስፈልጋል። ብዙ አንገት የተሰበረው በጉልበት ማነስ ሳይሆን በትዕግሥት ማነስ ነው።

ሦስተኛው የክሮቹ ከፍታ ነው። ከፍታው የሚስተካከለው ክሮቹ በሚያርፉበት ብሪጅ፣ በበገና በርኩማ በሚባለው አምሳያው ላይ ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢርቅ ለብዙ እጅ ይስማማል። ሆኖም ይህ ቁጥር መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። በዲትሮይት ከተማ የሞታውን ኩባንያን ሙዚቃ በጣቱ ያነጸው ጄምስ ጀመርሰን ክሮቹን ከፍ አድርጎ ይጫወት ነበር፤ ክሩንም ከስንት አንድ ጊዜ በቀር አይለውጥም ነበር። እጁ ጠንካራ የሆነ ክሩን ከፍ ያድርግ፤ እጁ ቀላል የሆነ ዝቅ ያድርግ። በዘንጉ አማካይነት የክሮችን ከፍታ ለማውረድ መሞከር ግን የፍኖተ ሰላሙ ስሕተት ነው፤ ዘንግ ለአንገት፣ ብሪጅ ለከፍታ ተሠርቷልና።

አራተኛው የክሩን ርዝመት ማስተካከል ነው። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ነው። በዚያ ቦታ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ዳስሰው ሲመቱት የሚሰማው ድምፅና ክሩን ተጭነው ሲመቱት የሚሰማው ድምፅ አንድ መሆን አለባቸው። የተጫነው ከፍ ካለ የክሩ ማረፊያ ወደ ኋላ ይሳብ፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይምጣ። አንገቱ ወይም ከፍታው በተነካ ቁጥር ይህ ልኬት ስለሚዛባ ከሁለቱ በፊት መሥራት ድካምን ማባከን ነው።

በመጨረሻም የፒክአፑ ከፍታ ይታያል። ፒክአፕ ማግኔት ስለ ሆነ እጅግ ከተጠጋ ክሩን ይስበዋል፤ ድምፁም ይዋልላል። እጅግ ከራቀ ደግሞ ይደክማል። ክሩ በመጨረሻው ፍሬት ተጭኖ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢርቅ ለመነሻ ይበቃል፤ ከዚያ አራቱ ክሮች እኩል እስኪሰሙ በጆሮ ይስተካከላል።

ኤሌክትሪክና አደጋው

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ፣ ማለትም የ50 ኸርዝ ኃይል ነው። አንድ መጠምጠሚያ ብቻ ያለው ፒክአፕ ይህን ምልልስ ከአየር ይለቅምና ጉምጉምታ ያሰማል፤ ከጉምጉምታውም ጋር የእጥፉ 100 ኸርዝ ይሰማል። ይህ ጉዳይ በቤዝ ላይ ልዩ ወጥመድ አለው። የቤዝ አራቱ ልቅ ክሮች ኢ 41.2፣ ኤ 55፣ ዲ 73.4፣ ጂ 98 ኸርዝ ናቸው። ስለዚህ የጂ ክር ከጉምጉምታው 100 ኸርዝ በሁለት ንዝረት ብቻ ይለያል። መቃኛ የሌለው ሙዚቀኛ ሳያውቀው ክሩን ከጉምጉምታው ጋር እስኪስማማ ቢያወጣው ከልኩ የግማሽ ድምፅ ሢሶ ያህል ከፍ ይልበታል፤ ከዚያ ክራሩም ድምፃዊውም ስሕተተኛ መስለው ይታዩታል። ጉምጉምታን መቀነስ ንጽሕና ብቻ ሳይሆን የቅኝት ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከአምፕሊፋየሩና ከትራንስፎርመር ራቅ ብሎ መቆም፣ አቋቋምን ጥቂት ማዞር፣ በመሣሪያው ውስጥ ከብሪጁ ጋር የተያያዘው የመሬት ሽቦ አለመበጠሱን ማየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጉምጉምታ ለማጥፋት ሲባል ከአምፕሊፋየሩ ስፒና የመሬቱን ጥርስ መስበር ወይም ሽቦውን መቁረጥ በፍጹም አይገባም። የቤዝ ክር ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር በሽቦ የተያያዘ ነው። የመሬት መስመር በሌለበት አምፕሊፋየሩ ቢበላሽና ሙዚቀኛው በአንድ እጁ ክሩን ይዞ ማይክሮፎን በከንፈሩ ቢነካ፣ ኃይሉ በአካሉ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ዝናብ በጠጣ ዳስ ውስጥ፣ ተጎታች ሽቦ በረጠበ ሣር ላይ ተዘርግቶ ባለበት፣ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ለጆሮ ምቾት ሲባል ነፍስ አይያዝም።

ከክራርና ከማሲንቆ ጋር መስማማት

የቤዝ ፍሬት ፋብሪካ የወሰነው ነው፤ የክራር ክር ግን ለድምፃዊው ጉሮሮ በየጊዜው ይቃኛል። ስለዚህ በጋራ ጨዋታ አስቀድሞ የሚጠየቀው ድምፃዊው ነው፤ መነሻው ድምፅ ከታወቀ በኋላ ክራሩና ማሲንቆው ከቤዙ ልቅ ክር ወይም ከአንዱ ፍሬት ጋር ይስማሙ። ፍሬቶቹ ስምንቱን ድምፅ በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ስለሚከፍሉ ከተፈጥሮው ስምምነት ጥቂት ይለያሉ። አምስተኛው ድምፅ የሚዛነፈው በግማሽ ድምፅ መቶኛ ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ አይታወቅም። ትልቁ ሦስተኛ ግን በመቶ 14 እጅ ከፍ ይላል። በጆሮው ንጹሕ ስምምነት ከሚቃኝ ክራር ጋር ቤዙ መነሻውንና አምስተኛውን ቢጠብቅ፣ ሦስተኛውንም ለዜማው ባለቤት ቢተው፣ ጠብ አይኖርም።

ይህም ቢሆን በጭፍን አይያዝ። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል መነሻና አምስተኛ አብረው ይገኛሉ፤ በአንቺ ሆዬ ግን አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ የተለመደው የቤዝ አረማመድ ቅኝቱን ይሰብረዋል። በሚገባ የተቃና መሣሪያ ይህን ስሕተት አይሸፍንም፤ እንዲያውም አጉልቶ ያጋልጣል።

የድምፅ ማሳመር

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው ወደ ማስተካከያዎቹ የሚዘለቀው። መነሻው ቀላል ነው፦ የመሣሪያው ኃይል ሙሉ፣ የአምፕሊፋየሩ ማስተካከያዎች ሁሉ መካከል ላይ። ቀጥሎ እጅ ይሠራል። ጣት ወደ ብሪጁ ሲጠጋ ድምፁ ይጠነክራል፤ ወደ አንገቱ ሲርቅ ይለሰልሳል። ይህ የሁለት ስንዝር መንገድ ከብዙ ውድ መሣሪያ የበለጠ ልዩነት ያመጣል፤ ዋጋም አይጠይቅም።

ከዚያ ቦታው ይታያል። የኢ ክር ድምፅ በአየር ላይ የሚዘረጋው ሞገድ 8 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በጠባብ አዳራሽ አምፕሊፋየሩ ጥግ ከተቀመጠ ዝቅተኛው ድምፅ እየተመላለሰ ይጓጉራል፤ የቆርቆሮ ጣሪያውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ያኔ መድኃኒቱ ከጥግ ማራቅና የቤዝ ማስተካከያውን መቀነስ ነው። በዳስ ውስጥ ደግሞ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ዝቅተኛው ይበተናል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የቤዝ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ያዞራል፤ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ግን 41 ኸርዝን ማሰማት ስለማይችል ይግላል፤ አልፎም ይቃጠላል። የሰው ጆሮ የክሩን እጥፎች፣ 82ንና 123ን፣ ሲሰማ መሠረቱን በራሱ ያሟላል። ስለዚህ በዳስ የሚያዋጣው የመካከለኛውን ድምፅ ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው።

በመጨረሻም ከበሮ አለ። የከበሮው ሰፊ ፊትና የቤዙ ወፍራም ክር በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከጮኹ ሁለቱም አይሰሙም። የቤዝ ተጫዋች ድምፁን በግራ እጁ ቶሎ ቆርጦ ለከበሮው ቦታ ቢለቅ፣ እስክስታ ወራጁ ትከሻውን የሚጥልበትን ያውቃል። ዝምታም የድምፅ ክፍል ነው።

የፍኖተ ሰላም ወጣቶች ያጡት በግማሽ ዋጋ የተሸጠውን መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የራሳቸውን ጆሮና እጅ ማመንንም ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው ሞተ ሲባል ሙያውም ከእነርሱ እንደ ራቀ ቈጠሩት። የቡሬው ሙዚቀኛ ከእነርሱ የሚበልጠው በሀብትም በተሰጥዎም አልነበረም፤ ከየት እንደሚጀመር ያውቅ ስለ ነበር ብቻ ነው። ያ ዕውቀት በአንድ ምሽት ለአንድ ወጣት ሊተላለፍ ይችላል፤ የሚያስፈልገውም የዘንግ ቁልፍ፣ ማስመሪያ፣ አንድ የተጣጠፈ ወረቀትና ትዕግሥት ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ ከጥር በፊት ባለው ጊዜ ይህን ለአንድ ጀማሪ ቢያሳይ፣ ሞተ ተብሎ ከጥግ የተጣለ ብዙ መሣሪያ በየዳሱ እንደገና ይሰማል።